የመልእክት መንገድ መሪዎች አጭር ታሪክ

ይህ መጽሐፍ የትምህርት ቤታችን የበዓል መታሰቢያ ስለሆነ፥ ብዙዎቹ ጓደኞቻችን ስለ መሥራቾቹና ስለ ቀድሞዎቹ መምህራን ጽፈዋል። እኛ ግን በኮምፒዩተር ክፍላችን ጥግ፥ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጣ ቀንና ሌሊት ስለምትሠራ አንዲት ትንሽ ሣጥን ለመጻፍ ወደድን። ስሟ ራውተር ይባላል፤ በአማርኛ የመልእክት መንገድ መሪ ብንላት ከሥራዋ ጋር ይስማማል። ከዚህ ክፍል የሚወጣውን መልእክት ሁሉ ተቀብላ በሩቅ አገር ወዳለው ባለቤቱ የሚያደርሰውን መንገድ የምታስይዝ እርስዋ ናት። ስለ እርስዋ ለመጻፍ ያነሣሣን ግን ዕውቀታችን ሳይሆን ጥፋታችን ነው።

ባለፈው ዓመት ኤሌክትሪክ ደጋግሞ ከተቋረጠ በኋላ ራውተሯ የተጻፈላትን ሁሉ ረሳች። መምህራችንም ቁጥሮቹ ያሉበትን ወረቀት ሰጥተው እንደገና እንድንሞላ አዘዙን። እኛም ሞላን፤ ነገር ግን በአንድ ቦታ 54 መጻፍ ሲገባን 45 ጻፍን። ይህ ቁጥር፥ ራውተሯ ወደ ውጭ የሚሄደውን መልእክት የምታስረክበው የጎረቤት ራውተር አድራሻ ነበር። የሣጥኗ መብራት አረንጓዴ ነው፥ ሽቦው ደኅና ነው፥ ከውጭ ግን አንድም መልስ አይመጣም። ሁለት ቀን ሙሉ ሽቦውን ስንወቅስ፥ የመሥመር ሠራተኞችን ስናማ ቆየን። በዚህ መካከል የፈተና ምዝገባው ማብቂያ እየቀረበ ስለ ሄደ፥ ታላላቆቻችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሮች እጅግ ተጨነቁ።

በሦስተኛው ቀን መምህራችን አጠገባችን ተቀምጠው በተራ ጠየቁን። «የራሳችን ራውተር ትመልሳለች?» ትመልሳለች። «የጎረቤቱስ?» አይመልስም። «እንግዲያስ ወረቀቱን አምጡና ቁጥሩን አንብቡልኝ» አሉ። ባነበብን ጊዜ አፈርን። ራውተሯ የነገርናትን አመነች እንጂ ምንም አላጠፋችም። ምዝገባውም በመጨረሻው ቀን ተፈጸመ። ከዚያ ወዲህ ይህች ሣጥን ከወዴት እንደ መጣች ለማወቅ ታሪኳን መረመርን። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1960ዎቹ በአሜሪካ የነበሩት ኮምፒዩተሮች ትላልቅና ውድ ነበሩ፤ የአንዱ አሠራርም ለሌላው አይስማማም ነበር። የመከላከያ ሚኒስቴሩ የምርምር ክፍል የሆነው አርፓ እነዚህን በስልክ መሥመር ለማገናኘት ባሰበ ጊዜ፥ በያንዳንዱ ሥፍራ መልእክት የሚቀበልና የሚያስተላልፍ አንድ አነስተኛ ኮምፒዩተር እንደ በር ጠባቂ እንዲቆም ተወሰነ። ሥራውን የተቀበለው በማሳቹሴትስ በካምብሪጅ ከተማ የነበረው ቢቢኤን የተባለው ኩባንያ ሲሆን፥ የሥራው መሪ ፍራንክ ኸርት ነበሩ። መኪናውም ኢምፕ ተባለ። አነስተኛ ይባል እንጂ ክብደቱ 400 ኪሎ ያህል ነበር። የዛሬው ራውተር አባት ይኸው ነው።

ኦክቶበር 29 ቀን 1969 በምሽት፥ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቻርሊ ክላይን የተባለው ተማሪ፥ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ወዳለው ኮምፒዩተር «ሎጊን» የሚለውን ቃል ለመላክ ጀመረ። «ኤል» ደረሰች፥ «ኦ» ደረሰች፤ «ጂ» ላይ ሲደርስ ግን የተቀባዩ ኮምፒዩተር ሥራ ተቋረጠ። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ስሕተቱ ታርሞ ነገሩ ተሳካ። እንግዲህ የዚህ መረብ ታሪክ ገና ከመጀመሪያው ሌሊት የብልሽትና የጥገና ታሪክ ነው።

የቢቢኤን ሰዎች ጥገናውን አስቀድመው አስበውበት ነበር። የተላከው መልእክት ወደ ላኪው ተመልሶ እንዲመጣ እያደረጉ፥ መሥመሩ የተበላሸው ከወዴት ወገን እንደ ሆነ ይለዩ ነበር። በዚህም ምክንያት በካምብሪጅ ተቀምጠው፥ በአገሪቱ ሌላ ዳር የተበላሸውን መሥመር ለስልክ ኩባንያው ይነግሩ ነበር። መምህራችን ከቅርቡ ጀምረው ወደ ሩቁ በተራ የጠየቁን ጥያቄም የዚህ አሠራር ልጅ ነው።

መንገድ መሪዎቹ መንገዱን የሚያውቁት እርስ በርሳቸው በመነጋገር ነው። ከ1979 ጀምሮ እያንዳንዱ ኢምፕ የመሥመሮቹን ሁኔታ ለጎረቤቶቹ ይናገር ነበር፤ ጎረቤቶቹም ለጎረቤቶቻቸው ያስተላልፉ ነበር። ይህ በአገራችን ነጋሪት ተጎስሞ «ያልሰማህ ስማ፥ የሰማህ አሰማ» እየተባለ ይነገር ከነበረው አዋጅ ጋር አንድ ነው። ግን የሰማነው ሐሰት ቢሆንስ?

ኦክቶበር 27 ቀን 1980 የሆነው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ወሬ፥ አዲሱ ከአሮጌው እንዲለይ፥ ከ0 እስከ 63 የሚደርስ ቁጥር ነበረው። ከ63 በኋላ እንደ ሰዓት ዞሮ ወደ 0 ይመለሳል፤ ወደ ፊት ሲቆጠር ከ32 ባልበለጠ ርቀት ላይ የሚገኘው ቁጥር አዲስ ይባላል። በአንድ ኢምፕ ውስጥ በደረሰ ብልሽት ከቁጥሩ ምልክቶች አንዳንዱ እየጠፋ፥ የአንድ ጎረቤት ኢምፕ ወሬ 44፥ 40 እና 8 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ይዞ ወጣ። በደንቡ መሠረት 44 ከ40፥ 40 ከ8፥ 8 ደግሞ ከ44 አዲስ ነው። ስለዚህ ሦስቱ ወሬዎች ማለቂያ በሌለው ዙር እየተሳደዱ መረቡን ሁሉ ሞሉት፤ ለብዙ ሰዓታትም ሥራ ቆመ። ወሬው በሽቦ ላይ ሲሄድ ይመረመር ነበር፤ በመኪናው ማኅደር ውስጥ ሲቀመጥ ግን የሚመረምረው አልነበረም። መሐንዲሶቹም ኢምፖቹ ሁሉ ያን ወሬ እንዳይሰሙ በማዘዝ መረቡን አዳኑት።

ከዚያ በኋላ መረቦች በዙ። በ1984 የተቋቋመው ሲስኮ በ1986 ራውተር መሸጥ ጀመረ። በ1989 ከርክ ሎውሂድና ያኮቭ ሬክተር፥ በቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ምሳ ላይ ሳሉ፥ መረቦች እርስ በርሳቸው መንገድ የሚነጋገሩበትን ደንብ በወረቀት መሐረብ ላይ ነደፉ። ስሙም ቢጂፒ ይባላል። ይህም ደንብ ጎረቤትን በማመን ላይ የቆመ ነበር። ኤፕሪል 25 ቀን 1997 የአንድ ድርጅት ራውተር በሺህ የሚቆጠሩ የሌሎችን መንገዶች የራሱ አስመስሎ ስለ ተናገረ፥ ብዙ መልእክት ወደ እርሱ ጎርፎ ጠፋ። ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 ደግሞ የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገሩ ለመዝጋት የጻፈው መንገድ ወደ ውጭ አመለጠ፤ ጎረቤቱም ሳይመረምር ስላስተላለፈው፥ ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል ለብዙው ዓለም ተሰወረ።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። አገራችን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረችው በ1997 ነው፤ የባሕር በር ስለሌላት፥ መልእክቷ እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉት ጎረቤቶች በኩል አልፎ ከባሕር ሥር መሥመሮች ጋር ይገናኛል። የእኛ ደብዳቤ የማናውቃቸው ሰዎች በጻፏቸው ቁጥሮች እየተመራ ይሄዳል ማለት ነው። ዛሬ አያሌ ድርጅቶች፥ የቀድሞ ነገሥታት ደብዳቤ ማኅተም እንደ ነበረው ሁሉ፥ የአንድ መንገድ ባለቤት ማን እንደ ሆነ በኤሌክትሮኒክ ማኅተም ያረጋግጣሉ። ማኅተሙን የማይመለከት ግን ገና አለ።

አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ብለዋል። ከእኛ በኋላ በዚያ ክፍል የምትቀመጡ ታናናሾቻችን ሆይ፥ መልስ የጠፋ ቀን ሽቦውንና ሠራተኛውን ከመውቀሳችሁ በፊት ከቅርቡ ጀምራችሁ ጠይቁ፤ የጻፋችሁትንም ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ወረቀቱን በመደርደሪያው ላይ፥ ከሣጥኗ በታች ትተንላችኋል። 54 የሚለውን በቀይ ቀለም አስምረንበታል።