ፕላኑን ማን ይነድፋል? ማንስ ይሟገትለታል?

የአገራችን የከተማ ፕላን ታሪክ የሚጀምረው በባዕድ እጅ ነው። የጣልያን ወራሪ አዲስ አበባን «የነጭ» እና «የአገሬው ሰው» ሰፈር ብሎ ከፈለ። ከነጻነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ማስተር ፕላን አወጣ።

አበርክሮምቢ ግን ብቻውን የቆመ ሊቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1914 ለንደን ላይ የተመሠረተው የከተማ ፕላን ባለሙያዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሠርቷል። ማኅበሩ አባል የሚሆነውን ይፈትናል፤ ሙያውን ከሹመኛ ፈቃድ በላይ ያቆማል።

እኛ ዘንድ ሥራው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተያዘ። በ1979 ዓ.ም. ብሔራዊ የከተማ ፕላን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 574 ደግሞ ከተሞች በፕላን እንዲመሩ ደነገገ።

ሕጉ አለ፤ ጠበቃውስ? ግሼ ራቤልን የመሰለች የደጋ ከተማ ስትሰፋ የሚነካው የገበሬው ማሳ ነው። አረንጓዴ ተብሎ የተከለለው ቦታ ለቤት ሲሸነሸን፣ ደመወዝተኛው ባለሙያ አለቃውን «አይሆንም» ለማለት ይቸገራል። የክልል የሙያ ማኅበር ቢኖረው ግን ቃሉ የአንድ ሰው ቃል ብቻ አይሆንም።

እርግጥ ማኅበርም የአባላቱን ጥቅም ብቻ የሚያስከብር ዕድር ሊሆን ይችላል። መለኪያው አንድ ነው፦ ማሳው የሚሄድበት ገበሬ ሲጮህ ከማን ጎን ይቆማል?