ወራሽ ሁሉ ተተኪ ነውን? ስለ ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ ንድፈ ሐሳብ አመጣጥ



የዛሬውን ንግግሬን በራሴ ስሕተት እጀምራለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት ባወጣሁት ፈተና ላይ «ካሬን ከሬክታንግል የሚወርስ ክላስ አድርጋችሁ ጻፉ» የሚል ጥያቄ ነበረበት። አንድ ተማሪ ሁለቱን በየራሳቸው ክላስ ለይቶ ጻፈ፤ ከሥሩም ካሬው ሬክታንግሉን ሊተካ እንደማይችል በአንድ ዐረፍተ ነገር አሰፈረ። እኔም ጥያቄውን አልመለሰም ብዬ ነጥብ ቀነስሁበት። ተማሪው ትክክል እንደ ነበር የገባኝ ውጤቱ ከተላለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የምተርክላችሁ ታሪክ ለምን ትክክል እንደ ነበር ያስረዳል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1960ዎቹ በኦስሎ፣ በኖርዌይ የኮምፒዩተር ማዕከል ነው። የክሪስተን ኒጎርድና የኦለ-ዮሃን ዳል ዓላማ አዲስ የፕሮግራሚንግ ፍልስፍና መመሥረት አልነበረም፤ ወረፋን የመሳሰሉ ሂደቶችን በኮምፒዩተር አስመስሎ ማጥናት እንጂ። ቀረጥ በሚከፈልበት ድልድይ ላይ የሚሰለፉ የጭነት መኪናዎችና አውቶቡሶች ብዙ የጋራ ጠባይ ነበራቸው፤ ያንን የጋራ ጠባይ ሁለት ጊዜ መጻፍ አሰልቺ ሆነባቸው። ቶኒ ሆር ስለ ሬኮርድ አያያዝ ያቀረበው ሐሳብ መንገድ አመለከታቸው። በሲሙላ 67ም የአንዱን ክላስ ስም ከሌላው በፊት በማስቀደም የፊተኛውን ይዘት ለኋለኛው ማውረስ ተቻለ።

በዚህ አንድ ሥርዓት ሁለት ጉዳዮች ተጣመሩ። አንደኛ፣ ንኡስ ክላሱ የወላጁን ኮድ ይወርሳል። ሁለተኛ፣ ወላጁ በሚጠበቅበት ቦታ ንኡስ ክላሱ ገብቶ እንዲያገለግል ቋንቋው ይፈቅዳል። በአማርኛ ብናስበው ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የአባቱን ርስት የወረሰ ልጅ ሁሉ በሽምግልና አባቱን ይተካል ማለት አይደለም። ውርስ ስለ ንብረት ነው፤ ተተኪነት ግን ስለ ጠባይ።

ወደ ካሬያችን እንመለስ። አንድ ፕሮግራም ሬክታንግል ይቀበልና ወርዱን 5፣ ቁመቱን 4 ያደርጋል፤ ስፋቱ 20 እንዲሆን ይጠብቃል። የመጣው ካሬ ከሆነ ግን ጎኖቹን እኩል ለማድረግ ሲል ወርዱንም 4 ያደርገዋል፤ ስፋቱ 16 ይሆናል። ኮምፓይለሩ አንዳች አይናገርም። በጂኦሜትሪ ካሬ ሁሉ ሬክታንግል ነው፤ የጂኦሜትሪው ካሬ ግን መጠኑ አይለወጥም። ስሕተቱን የሚወልደው መለዋወጡ ነው።

ይህ ጥምረት እስኪፈታ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል። አለን ኬይና ባልደረቦቹ በዜሮክስ ፓርክ የሠሩት ስሞልቶክ-72 ውርስ አልነበረውም፤ መሠረቱ በኦብጀክቶች መካከል የሚደረግ የመልእክት ልውውጥ ነበር። ስለዚህ ውርስ የዚህ ፈለግ አልፋና ኦሜጋ እንዳልሆነ ገና ከጅምሩ ምልክት ነበረን። ባርባራ ሊስኮቭ በ1987 ባደረገችው ንግግር የተተኪነትን መስፈርት በጠባይ ላይ አቆመችው፤ በ1994ም ከጃኔት ዊንግ ጋር በሒሳባዊ ሥርዓት አብራራችው። በእነርሱ አቀራረብ፣ ስለ ወላጁ ታይፕ ኦብጀክቶች ሊረጋገጥ የሚችል ባሕርይ ሁሉ ስለ ንኡስ ታይፑ ኦብጀክቶችም እውነት መሆን አለበት። በ1990 ደግሞ ዊልያም ኩክ፣ ዎልተር ሂልና ፒተር ካኒንግ ውርስ ንኡስ ታይፕነት እንዳልሆነ በጽሑፋቸው ርእስ ጭምር በግልጽ አወጁ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ ንድፈ ሐሳብ ከተግባር ኋላ ሊመጣ እንደሚችልና ሲመጣም የለመድነውን ቃል ለሁለት ሊከፍለው እንደሚችል ነው። ዳልና ኒጎርድ አልተሳሳቱም፤ የመጀመሪያውን በር የከፈቱት እነርሱ ናቸው። የተሳሳትነው በሩን እንደ ቤቱ ሁሉ አድርገን ያስተማርን ነን።

ውድ ተማሪዎች፣ አንድን ክላስ ከሌላው ከማውረሳችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ የምፈልገው ኮዱን ነው ወይስ ቦታውን? ቦታውን ከሆነ፣ ወላጁ የገባውን ቃል ሁሉ ልጁ ይጠብቃልን? መምህራን ባልደረቦቼ ደግሞ፣ ከጠበቃችሁት የተለየ መልስ ስታገኙ ነጥብ ከመቀነሳችሁ በፊት ከሥሩ የተጻፈውን ዐረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡ። እኔ ያንን አላደረግሁም።