ደጉ ደበበና የማይቆጠረው ሥራ

በእግር ኳስ ታሪክ ስሙ የሚጻፈው ግብ ያገባው ሰው ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስለ ወሰደችበት ቀን ሽማግሌዎቻችንን ብንጠይቃቸው ኢታሎ ቫሳሎንና መንግሥቱ ወርቁን ወዲያው ይጠሩልናል። ከኋላ የቆሙትን ክፍሎም አርአያንና አስመላሽ በርሄን ግን የሚያስታውሳቸው ጥቂት ሰው ነው። እኔም በክፍላችን ቡድን ተከላካይ ስለ ሆንሁ ነገሩ ይቆረቁረኛል። ባለፈው ዓመት በአንድ ጨዋታ ኳስ ከእግሬ ሥር አምልጣ 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ እስከ ዛሬ የሚነሣብኝ ያች አንዲት ኳስ ናት። ከዚያ በፊት የመለስኋቸውን የቆጠረልኝ የለም። ስለዚህ ለዚህ የበዓል መጽሔት የአንድ ተከላካይን ታሪክ ለመጻፍ መረጥሁ።

ደጉ ደበበ በ1976 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ተወለደ። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ለብዙ ዓመታት የኋላውን መስመር ጠብቋል፤ የብሔራዊ ቡድኑም አምበል ሆኗል። ስሙ ደጉ ይባል እንጂ ተከላካይ ለአጥቂ ደግ መሆን አይገባውም።

ከታሪኩ ሁሉ ለእኛ ለአሶሳ ልጆች የሚቀርበን ከሱዳን ጋር የተደረገው ግጥሚያ ነው። ሱዳን ለእኛ ሩቅ አገር አይደለችም፤ በኩርሙክ በኩል ጎረቤታችን ናት፤ የበርታ ሕዝብም ከድንበሩ በወዲህም በወዲያም ይኖራል። ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ደጉ አምበል የሆነለት፣ አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸነፈ። አምስት ግብ መግባቱ ለተከላካዮች ነውር ነው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም።

የመልሱ ጨዋታ በ36ኛው ቀን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ሆነ። እዚህ ላይ አንባቢ ጥቂት እንዲያሰላ እለምናለሁ። ኢትዮጵያ 2 ለ 0 ብታሸንፍ የሁለቱ ጨዋታ ድምር 5 ለ 5 ይሆናል፤ በሰው ሜዳ 3 ግብ ስላገባችም ታልፋለች። 2 ለ 1 ብታሸንፍ ግን ድምሩ 6 ለ 5 ሆኖ ሱዳን ታልፋለች። እንግዲህ ከሁለቱ ግቦች እኩል የሚያስፈልገው ያ ዜሮ ነበር። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡ፤ ዜሮውም እስከ መጨረሻው ፊሽካ ጸና። ኢትዮጵያም ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቃች።

ጨዋታውን በቴሌቪዥን ያየውን አጎቴን ስለዚያ ቀን ጠየቅሁት። የሁለቱን ግቦች አገባብ በእጁ እያሳየ አጫወተኝ። «ተከላካዮቹስ?» ብለው ጥቂት አሰበና፣ «ሱዳን አላገባችም እኮ፤ ስለ እነርሱ ምን የሚነገር አለ?» አለኝ።

በደቡብ አፍሪካ በተደረገው ውድድር የመጀመሪያው ጨዋታ የዋለው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው፤ ዋንጫው ከተወሰደ ልክ 51 ዓመት በሞላበት ዕለት መሆኑ ነው። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ ቡድኑ በ10 ሰው ቢቀርም ዋንጫውን ይዛ ከመጣችው ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። ቡርኪና ፋሶ ግን 4 ለ 0 አሸነፈችን። በሦስተኛው ጨዋታ ናይጄሪያ እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ምንም ማግባት አልቻለችም፤ ኋላ ቪክቶር ሞሰስ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 0 አደረገው። ያች አገር በዚያው ዓመት ዋንጫውን ወሰደች።

ናይጄሪያ ዳግመኛ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ መጨረሻ ላይ መንገዳችንን ዘጋች። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ቀን ደግሞ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት ለዓለም ዋንጫ ይህን ያህል ቀርባ አታውቅም ነበር። ለአፍሪካ ዋንጫ እንደገና የበቃችው ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ካሜሩን ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከኋላ የቆሙት ሌሎች ልጆች ነበሩ።