ስለ ሲኒ አሠራርና ስለ እቶኑ ሰው

በኢትዮጵያ ያለ ሕፃን «ሲኒ» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ፊደል ከመቍጠሩ አስቀድሞ ነው፤ እናቱ ቡና ስትቀዳ ሲኒውን ለእንግዳ የሚያቀብል እርሱ ነውና። ቃሉ ግን ከሩቅ የመጣ ነው። ዐረቦች የቻይናን አገር «ሲን» ስለሚሏት ከዚያ የሚመጣውን ነጭ ዕቃ «ሲኒ»፣ ማለት «የቻይና» አሉት፤ ስሙም በዐረብኛ በኩል ወደ አማርኛ ገባ። እንግሊዞችም ቢሆኑ ዕቃውን የሚጠሩት በአገሩ ስም ነው።

የዚህ ጥበብ ዋና ስፍራ በደቡብ ቻይና በጂያንግሺ አውራጃ የምትገኘው የጂንግደዠን ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ዠንዞንግ የተባለው ንጉሠ ነገሥት በ1004 ዓ.ም. (እዚህ የተጠቀሰው ዓመት ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ለዘመነ መንግሥቱ ካወጣው ስያሜ ነው። በአካባቢዋ ለሥራው የሚያስፈልጉ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው ጋኦሊንግ ከሚባል መንደር የሚቈፈር ነጭ አፈር ነው፤ ዓለም ኹሉ «ካኦሊን» የሚለው ከመንደሩ ስም ወስዶ ነው። ሁለተኛው ድንጋይ ነው፤ በወንዝ ኃይል በሚነሣና በሚወድቅ መዶሻ ተወቅጦ፣ በውኃ ታጥቦ፣ በትንንሽ ነጭ ጡብ አምሳል ይሸጥ ነበር። ድንጋዩ በእሳት ቀልጦ እንደ መስተዋት ይሆናል፤ አፈሩ ግን በዚያ እሳት አይቀልጥምና ዕቃው ቅርጹን እንዳይለቅ ይደግፈዋል።

ዳንትረኮል የተባለ ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በ1712 ከቻይና በጻፈው ደብዳቤ አንድ ነጋዴ የነገረውን ያወሳል። አውሮፓውያን ጡቡን ብቻ ገዝተው ወደ አገራቸው ወሰዱ፤ አፈሩን ስላልወሰዱ ግን ሥራው አልሆነላቸውም። ነጋዴውም ሥጋ ያለ አጥንት እንዲቆም ፈለጉ ብሎ ሳቀባቸው። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ምሥጢሩን ከብዙ የኬሚስትሪ ትምህርት አብልጦ ያስረዳል።

ሶንግ ዪንግሺንግ በ1637 ባሳተመው የጥበባት መጽሐፍ አንድ ዕቃ እስኪጠናቀቅ በ72 እጅ ያልፋል ይላል። አንዱ ጭቃውን ያሻል፣ ሌላው በመንኰራኵር ያዞራል፤ ከሥዕል ሠሪዎችም አንዱ በአፉ ዙሪያ ያለውን መሥመር ብቻ ሲያሰምር ይኖራል። እሳቱ 1300 ዲግሪ ያኽል ይደርሳል። መለኪያ አልነበረምና የእቶኑ አለቃ በነበልባሉ መልክ ይፈርድ ነበር፤ ከተሳሳተ የ72ቱ ኹሉ ድካም በአንድ ሌሊት ከንቱ ይሆናል።

በዕቃው ላይ የሚሣለውም ያለ ነገር አይደለም። ለኢትዮጵያዊ የሌሊት ወፍ በሲኒ ላይ ማየት ደስ አያሰኘው ይሆናል፤ በቻይንኛ ግን «ፉ» የሚለው ድምፅ የሌሊት ወፍም በረከትም ማለት ነው። «ዩ» ዓሣም ትርፍም ነው። ሥዕሉ ሰም፣ ድምፁ ወርቅ መሆኑ ነው፤ ማንበብ የማይችል ልጅ እንኳ ምርቃቱን ከሳሕኑ ላይ ሊፈታው ይችል ነበር። ሲጫወቱ የተሣሉት ብዙ ወንዶች ልጆችም ለቤቱ ዘር እንዲበዛ የሚመኙ ናቸው።

ከዚህ ኹሉ ይልቅ የሠሪዎቹን ልብ የያዘው ግን የቶንግ ቢን ታሪክ ነው። በ1599 በዋንሊ ዘመነ መንግሥት ፓን ሺያንግ የተባለ ጃንደረባ ከቤተ መንግሥት ተልኮ ዘንዶ የተሣለባቸው ታላላቅ ጋኖች እንዲሠሩ አዘዘ። ጋኖቹ በእሳት ውስጥ ደጋግመው ተበላሹ፤ ሠራተኞቹም ይገረፉ ጀመር። ቶንግ ቢንም የባልንጀሮቹን መከራ አይቶ ራሱን ወደሚነደው እቶን ወረወረ፤ በማግሥቱ ጋኖቹ ደኅና ሆነው ወጡ ይባላል። ተአምሩ የአፈ ታሪክ ነው፤ ግፉ ግን እውነት ነበር፤ ሕዝቡም በጃንደረባው ላይ ተነሥቷል። ከዚያ ወዲህ ለቶንግ ቢን መቅደስ ተሠርቶለት የእቶን ሠራተኞች እንደ አምላክ አከበሩት። በኢትዮጵያ ሸክላ ሠሪው «ቡዳ» እየተባለ ከጎረቤት ሲገለል መኖሩን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ሳይደነቅ አይቀርም።

በ1728 የቤተ መንግሥቱን ሥራ እንዲቈጣጠር የተላከው ታንግ ዪንግ የተለየ ሰው ነበር፤ ጥበቡን ከሠራተኞቹ ጋራ ሆኖ ተማረ፣ የቶንግ ቢንንም ታሪክ ጻፈ። በአንድ የመነኮሳት ቤት ግድግዳ ሥር ከዚያ ዘመን የቀረ፣ ጉድለት አለበት ተብሎ የተጣለ ዘንዶ ያለበት ጋን አገኘ። የሟቹ ሥጋና አጥንት በዚህ ውስጥ ነው ብሎ አመነና በሰው አሸክሞ ወደ መቅደሱ አስወሰደው፤ በጎኑም ከፍ ያለ መደብ አሠርቶ አቆመው።