የጉበት ሕመም አመጣጥና ሕክምናው በአምቦ አካባቢ

በአምቦ፣ በጉደር፣ በግንጪና በሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው የወፍ በሽታ ይዞታል ሲባል ኖሯል፤ ሕክምናውም በቅድሚያ የቤተሰብና የባህል ሐኪም ድርሻ ነበር። በኦሮምኛ ዹሙጋ የሚባለው ሰንሰል በየአጥሩ ዳር የሚበቅል ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ቅጠሉ ተወቅጦና በውኃ ተበጥብጦ ከተጨመቀ በኋላ ለሕመምተኛው ይሰጣል። ይህ ልማድ እንዲጸና ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የሕመሙ ጠባይ ነው፦ በተበከለ ምግብና ውኃ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ስለሚለቅ፣ ፈውሱ ለቅጠሉ ይቆጠር ነበር።

የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን ጉበት ሲያጠቃ የሚመጣው ሕመም ግን እየበረደ የሚያገረሽ በመሆኑ፣ ቢጫነቱ ሲጠፋ ውስጣዊው ጉዳት ሊቀጥል ይችላል። በዓለም ሕክምና ታሪክም ይህን ሕመም ለይቶ ማወቅ ዘግይቷል፦ የስዊድኑ ሐኪም ዋልደንስትረም ሕመሙን በ1950 እ.ኤ.አ. ገለጸ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሐሞት ቱቦዎችን የሚያጠቃ የሌላ ሕመም መለያ የሆነው ጸረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ ተገኘ። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ለመለየት የሚያስችለው የፓሪስ መስፈርት በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሕመም ከሦስት ምልክቶች ቢያንስ ሁለቱ እንዲገኙ ይጠይቃል፤ ምልክቶቹም የጉበት ኢንዛይሞች መጠን፣ የደም ጸረ እንግዳ አካላትና ከጉበት በመርፌ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ናቸው።

እንዲህ ያለው ምርመራ የሠለጠነ ባለሙያና የተሟላ ላቦራቶሪ የሚሻ በመሆኑ ሪፈራል ሆስፒታልን ይጠይቃል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ በ1939 ዓ.ም. በግብርና ትምህርት ቤትነት የተመሠረተው የአምቦ ዩኒቨርሲቲም ዛሬ የራሱ ሪፈራል ሆስፒታል አለው። ሐኪሙ ምርመራውን ሲጀምር ሕመምተኛው የጠጣውን የባህል መድኃኒት መጠየቅ ይኖርበታል፤ አንዳንድ ዕፀዋት ራሳቸው ጉበትን ስለሚጎዱና ጉዳቱም የመከላከያ ኃይሉ ጉበትን ሲያጠቃ ከሚመጣው ሕመም ጋር ስለሚመሳሰል ነው።

የተደራረበው ሕመም የሚታከመው የመከላከያ ኃይሉን በሚያረግቡት ፕሬድኒሶሎንና አዛቲዮፕሪን፣ እንዲሁም የሐሞትን ፍሰት በሚያግዘው ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ ነው። በኢትዮጵያ ሄፓታይተስ ቢ እና የሳንባ ነቀርሳ የተስፋፉ በመሆናቸው፣ ፕሬድኒሶሎን የተደበቀ ኢንፌክሽን እንዳይቀሰቅስ ሁለቱም አስቀድመው ይመረመራሉ፤ የመከላከያ ኃይሉን የሚያረግቡትን መድኃኒቶች ማቆም የሚታሰበውም ዓይኑ ስለጠራ ሳይሆን፣ የደም ምርመራው ቢያንስ ለ2 ዓመት ጤናማ ሆኖ ሲዘልቅ ነው።