ቅደም ተከተሉን ያጣው ምልክት፦ የዕብራይስጥ የንባብ ምልክቶች ወደ ኮምፒዩተር ኮድ የገቡበት ታሪክ

1. መነሻ

የጥብርያዶስ ማሶራውያን ሊቃውንት ከ7ኛው እስከ 10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ተነባቢ ፊደላት ላይ ሁለት ዓይነት ምልክቶችን ጨመሩ። አንደኞቹ የአናባቢ ነጥቦች ሲሆኑ፣ ሁለተኞቹ «ጠዐሚም» የሚባሉት የንባብ ምልክቶች ናቸው፤ ቃሉ ከግእዙ «ጣዕም» ጋር አንድ ሥር አለው። ጠዐሚም ዜማውን ይመራሉ፣ የድምፅ ጫና የሚያርፍበትን ቀለም ይጠቁማሉ፣ ሐረግን ከሐረግ ይለያሉ። ኤትናሕታ የጥቅሱን ዋና ዕረፍት፣ ሲሉቅ ደግሞ ፍጻሜውን ያመለክታል። በመሆኑም የአንድ ምልክት መጥፋት የአገባብን ማስረጃ ያጎድላል።

2. ከ128 ኮዶች ወደ ዩኒኮድ

በ1980ዎቹ በሚሺጋንና በክሌርሞንት የተዘጋጀው ዲጂታል ጽሑፍ 128 ቦታዎች ብቻ ባሉት በአስኪ ኮድ የተጻፈ ነበር። አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ የንባብ ምልክት ባለሁለት አሃዝ ቁጥር ሰጡ። መቴግ የተባለችው፣ ንኡስ ጫናን የምታመለክት ቀጥ ያለች ሰረዝ ከአናባቢው በስተግራ ስትውል 75፣ በስተቀኝ 95፣ በመካከል 35 ተብላ ትመዘገብ ነበር።

ዩኒኮድ በ1991 ሲወጣ ፊደላቱንና አናባቢዎቹን ያዘ፤ ጠዐሚም የገቡት በ1996፣ በ2.0ኛው እትም ነው። ዩኒኮድ የሚመዘግበው ምልክቱን እንጂ የሚያርፍበትን ጎን ስላልሆነ፣ ሦስቱ የመቴግ ቁጥሮች ወደ አንድ ኮድ ተጠቃለሉ። መልኩ ከመቴግ ጋር አንድ የሆነው ሲሉቅም ያንኑ ኮድ ተጋራ።

3. የመደብ ቁጥሮች ችግር

ዩኒኮድ በፊደል ላይ ለሚደረቡ ምልክቶች የመደብ ቁጥር ይሰጣል። ጽሑፍ ወጥ በሚደረግበት ጊዜ የተለያየ መደብ ያላቸው ምልክቶች በቁጥራቸው ተራ ይደረደራሉ፤ አንድ መደብ ያላቸው ግን እንደተጻፉ ይቆያሉ። ደንቡ መደባቸው የተለያየ ምልክቶች ቦታ አይሻሙም ከሚል ግምት የመነጨ ነው። አብዛኞቹ ጠዐሚም እንደ አቀማመጣቸው 220 (ከታች) ወይም 230 (ከላይ) ተሰጣቸው። አናባቢዎቹ ግን አብዛኞቹ ከፊደሉ ሥር ቦታ እየተጋሩ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁጥር አገኙ።

ውጤቱ በኢየሩሳሌም ስም ላይ ይታያል። ማሶራዊው ጽሑፍ ስሙን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሁለተኛው ዮድ ስለሚጽፈው፣ ላሜድ ፊደል ፓታሕንና ሂሪቅን በተከታታይ ይሸከማል፤ ንባቡም «ዬሩሻላይም» ነው። የፓታሕ መደብ 17፣ የሂሪቅ 14 ስለሆነ፣ ወጥ የማድረጊያው ደንብ ሂሪቅን ያስቀድማል፤ የ«ላይ» ቅደም ተከተል ይገለበጣል። መደቧ 22 የሆነው መቴግም ሁልጊዜ ከአናባቢው ኋላ ትሰለፋለች፤ ቀድማ ብትጻፍ እንኳ ልዩነቱ ይጠፋል።

ስሕተቱ በታወቀ ጊዜ ቁጥሮቹን ማረም አልተቻለም። ከ3.1ኛው እትም ጀምሮ ዩኒኮድ አንድ ጊዜ ወጥ የተደረገ ጽሑፍ በኋለኞቹ እትሞችም ሳይለወጥ እንዲጸና ቃል ገብቷል። መፍትሔ ሆኖ የቀረበው በ2002 የገባ፣ መደቡ 0 የሆነና ዐይን የማያየው ምልክት ነው፤ በሁለቱ አናባቢዎች መካከል ሲገባ መገለባበጡን ይከለክላል። ስሙ «አገናኝ» ቢሆንም እዚህ ተግባሩ መለየት ነው። ስለዚህ በገጽ ላይ አንድ የሚመስሉ ሁለት ቃላት በኮድ ሊለያዩ፣ ፍለጋም አንዱን አግኝቶ ሌላውን ሊስት ይችላል።

4. ለአካባቢው ቋንቋዎች ያለው ትምህርት

አትናሕ ሃፉኽ የተባለው ምልክት የራሱን ኮድ ያገኘው በ2005 በወጣው 4.1ኛ እትም ነው። በዚያው እትም ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋትና ቁርጥ የሚገኙባቸው 10 የግእዝ ዜማ ምልክቶች ተመዘገቡ። እነዚህ ግን በፊደል ላይ የሚደረቡ ሳይሆኑ ራሳቸውን ችለው የሚቆሙ ምልክቶች ተደርገው ነው። ስለዚህ ተራቸው በመደብ ቁጥር አይናጋም፤ ይሁን እንጂ ምልክቱ የትኛውን ቀለም እንደሚመራ በኮዱ ውስጥ አልሰፈረም፤ ያ ለገጽ አቀናጁ ተትቷል።

ሁለቱም ምርጫዎች ዋጋ ያስከፍላሉ። በ128 ኮዶች የተወሰነው አሮጌ ሥርዓት የመቴግን ሦስት ቦታዎች ለይቶ ጠብቋል። የመደብ ቁጥር አንድ ጊዜ ከጸደቀ አይታረምም፤ የአንባቢውና የመሪጌታው ዕውቀት ኮዱን መቅደም ያለበትም ስለዚህ ነው።