እንጨት፣ ውኃና የአሣማ ነቀርሳ

የአዲስ አበባ ታሪክ ከእንጦጦ ሲነሣ በእንጨትና በውኃ ጥያቄ የተሞላ ነው። የተራራው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመንጥሮ ባለቀ ጊዜ፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ገደማ ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቦታውን ያዘ። ከዚሁ ተራራ የሚመነጨው የቀበና ወንዝ ዛሬም በየካ በኩል አድርጎ ወደ ከተማው ይወርዳል። በእንጦጦ ግርጌ የቆመው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ደግሞ ለብዙ ዓመታት የነቀርሳ ሕሙማን መታከሚያ በመሆን ሲታወቅ ኖሯል። እንጨት፣ ውኃና ነቀርሳ በየራሳቸው የቆሙ ጉዳዮች ይመስላሉ፤ ሦስቱን የሚያገናኝ አንድ የተሐዋስያን ወገን ግን አለ።

ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ የነቀርሳን ተሐዋሲ ማግኘቱን በ1882 እ.ኤ.አ. ካስታወቀ በኋላ፣ በአሲድ ቢታጠብ ቀለሙን የማይለቅ ተሐዋሲ ሁሉ የነቀርሳ ምልክት ተደርጎ ሊቆጠር ምንም አልቀረውም ነበር። ይሁን እንጂ ምዕት ዓመቱ ሳያልቅ ተመሳሳይ ተሐዋስያን ከሣርና ከቅቤ ተገኙ። እነዚህም «ኢ-መደበኛ ማይኮባክቴሪያ» የሚል ስም ወጣላቸው። አሜሪካዊው ኧርነስት ረንየን በ1959 እ.ኤ.አ. በዕድገታቸው ፍጥነትና በሚያወጡት ቀለም በአራት ክፍል መደባቸው። መኖሪያቸው አፈርና ውኃ ነው። በቧንቧ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ በሚጋገረው ዝቃጭ ውስጥ ይራባሉ፤ ክሎሪንንም ከብዙዎቹ ተሐዋስያን ይበልጥ ይቋቋማሉ።

አሣማ መሬት እየቆፈረ የሚበላ እንስሳ እንደመሆኑ ከእነዚህ ተሐዋስያን ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ከነርሱ መካከል ዋናው ማይኮባክቴሪየም አቪየም የሚባለው ነው። በአፍ ይገባና በአንገትና በአንጀት ንፍፊቶች ላይ ነቀርሳ መሰል ቁስል ያወጣል። ምንጩ ሲፈተሽ በልዩ ልዩ አገሮች ለጉዝጓዝ የተነጠፈ ሰጋቱራ ሆኖ ተገኝቷል። በቼክ ሪፑብሊክም ለግልገሎች ይሰጥ የነበረው የረግረግ አፈር ተጠያቂ ሆኗል። ስለዚህ በሽታው የእንስሳው ብቻ ሳይሆን የጋጣውም ነው።

በኢትዮጵያ የኦርቶዶክስም ሆነ የእስልምና ተከታዮች የአሣማ ሥጋ ስለማይመገቡ ርባታው ጠባብ ሆኖ ኖሯል። ሆኖም በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ቄራዎች በታረዱ 841 አሣሞች ላይ ተደርጎ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በ49ኙ፣ ማለትም በ5.8 ከመቶ፣ ነቀርሳ መሰል ቁስል አገኘ። ከነዚህ የ15ቱ ናሙና ብቻ በላቦራቶሪ ተሐዋሲ አበቀለ። ከ15ቱ 12ቱ ለአሲድ የማይበገሩ ሲሆኑ፣ 5ቱ የሰው ነቀርሳ ተሐዋሲ መሆናቸው ተረጋገጠ። የቀሩት 7 ግን በዚያ ምርመራ የነቀርሳ ቤተሰብ አባል መሆናቸው አልታየም።

የ5ቱ ነገር በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። የዚህ ተሐዋሲ ዋና ማደሪያ ሰው ስለሆነ፣ በሽታው ከሰው ወደ አሣማ መተላለፉን ያመለክታል። አሣማውን ከሚያበላው ሰው ሳል ወይም ከተበከለ የምግብ ትራፊ ሊመጣ ይችላል። እንግዲህ በአንድ ንፍፊት ላይ የታየ ቁስል ሁለት ተከሳሽ ሊኖረው ነው፤ አንዱ ሰጋቱራውና ውኃው፣ ሌላው ሰውየው። ዓይን ብቻውን አይለያቸውም። የቄራው መርማሪ ሥጋውን ቢያስወግድ ሥራውን ፈጽሟል፤ ላቦራቶሪው ካልተጠየቀ ግን ባለጋጣው ጉዝጓዝ በሚለውጥበት ሰዓት የሚያስለው ሠራተኛ ሳይታከም ይቀራል፤ ወይም ጤነኛው ሰው በከንቱ ይጠረጠራል።

እዚህ ላይ የመሐንዲሱ ድርሻ ይመጣል። ውኃ የማያቁር ወለል፣ የሚታጠብ ገንዳ፣ ዝቃጩ የሚጠረግ ማጠራቀሚያ፣ ደረቅና ንጹሕ ጉዝጓዝ፣ ነፋስ የሚያስተላልፍ ግድግዳ በነዳፊው እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው። ከእንጦጦ ግርጌ እስከ የካ ዳርቻ ጋጣ የሚነድፍ ባለሙያ እንጨቱንና ውኃውን ለአሣማው ሲያዘጋጅ፣ በዚያው ጣራ ሥር የሚውለውን ሰው ሳንባ አብሮ ሊያስብ ይገባዋል።